ከሮማን ጋር ሐረር ደርሶ መልስ

ከሐረር ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የማኅበራችን ሴቶች በመጡ ቁጥር እስኪ ንገሪን ይሉኛል። መናገር ስጀምር ደግሞ አንዷ ስለ ጅቡ ትጠይቀኛለች፣ ሌላዋ ስለ ጫቱ፣ ነገሩ መልክ ሳይዝ ይመሻል። ስለዚህ ጻፍኩት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፣ እሱም በማታ ነው። ቢሆንም ያየሁትን እንዳየሁት አስቀምጣለሁ። ብዙዎቻችሁ ከቀጨኔ ወጥታችሁ ሐረርን አታዩም፤ ጉልበታችሁም አይችል፣ ቤታችሁም አይለቃችሁም። አብራችሁኝ እንደሄዳችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ የሄድኩት ሐረርን ለማየት አይደለም። ሮማን ስለምትሄድ ነው።

ሮማን የልጅ ልጄ የቤዛ የአባቷ እናት ናት። ልጄ አስቴር ስትሞት ቤዛ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ሐዋሳ ገባ። እኔ ጥጥ እየፈተልኩ፣ ድሩን ሽሮ ሜዳ ለሸማኔ እያደረስኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አሳደግኳት። ሮማን ቦሌ ነው የምትኖረው። በዓመት በዓል በመኪና ትመጣለች፣ ቀሚስ በወረቀት ጠቅልላ ታመጣለች፣ አንድ ሰዓት ተቀምጣ ትሄዳለች። ቤዛ አድጋ አስጎብኚ ሆነች። ጥር ላይ ታገባለች።

እንግዲህ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባትና የእናቷን ጉልበት ትስማለች። የአባቷ ወንበር ባለቤት አለው። የእናቷ ወንበር ባዶ ነው። የእኔ መሆኑን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር፤ ሮማን ለአንድ ዘመድ “ከልጄ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ” አለች ሲሉኝ ግን ደሜ ፈላ። በዚያው ሰሞን ቤዛ መጥታ፣ ሥዕል የሚያይ፣ የጥንት ቤቶች የሚያይ፣ የአገሩን ምግብና ወይን የሚቀምስ ቡድን ይዛ ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። መኪናው ላይ ሁለት ወንበር ተርፏል፣ ነይ አለችኝ። ሁለተኛው ለማን ነው አልኳት። ለእማማ ሮማን ነው አለች። እሄዳለሁ አልኩ። የወንበሩን ነገር በመንገድ ላይ ከራሷ አፍ ልሰማ ቆርጬ ተነሣሁ።

ረቡዕ

መሰባሰቢያው ስታዲየም አጠገብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። እኔ በሶና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዤ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቀጨኔ ወረድኩ። እንዲያም ሆኖ ስደርስ ሮማን ቀድማኛለች። ባለ ጎማ ሻንጣዋ ተጭኖ፣ እሷ ከፊተኛው ወንበር፣ ከአስጎብኚዋ ጎን ተቀምጣለች። ከቤዛ ጎን ማለት ነው።

ተሳፋሪዎቹ አሥራ አንድ ነን። ሁሉም እስኪገባ ጠበቅሁና በሩ ላይ ቆሜ፣ የፊቱ ወንበር በተራ መሆን አለበት፣ ሁሉም እኩል ማየት አለበት አልኩ። ጋሽ መላኩ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር፣ እናት ልክ ናቸው ብለው ደገፉኝ። ቤዛ ሳቀች።

“እማዬ፣ እዚህም እድር አቋቋምሽ?”

ሮማን ተነሣችና በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ፣ “ወይዘሮ ዘነበች፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ የትም ይመቸኛል” አለችኝ። ይሄን ጊዜ ይብስ ተናደድኩ። መብቴን ጠይቄ ችሮታ ሲሰጠኝ አልወድም። ተራዬን እንጂ ምጽዋት አልፈለግሁም አልኳት። ተራ ሲወጣ የመጀመሪያው ቀን ለተቀመጠበት ይሁን ተባለና እሷ እዚያው ቀረች። የእኔ ሦስተኛው ቀን ላይ ዋለ። እኔው ባወጣሁት ሕግ ከኋላ ጎማው ላይ ተቀምጬ፣ እስከ ባቱ ድረስ የሁለቱን ጭንቅላት እያየሁ ተንገጫገጭኩ። ሮማን አንድ ነገር ትላለች፣ ቤዛ ትስቃለች። ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባቱ የድሮዋ ዝዋይ ናት። የወይን እርሻው የሚያስደንቅ ነው ሲሉኝ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ እንደማየው ዘለላው እንደ ጣሪያ ከላይ የሚንጠለጠል መስሎኝ ነበር። እንደሱ አይደለም። በሽቦ ተደግፎ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በሰልፍ የቆመ አጭር ተክል ነው። ሰልፉ ግን ማለቂያ የለውም። አንድ ትሑት ወጣት በርሜሎቹን አሳየንና አራት ዓይነት ወይን በብርጭቆ ቀዳልን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ጾሙ አልከለከለኝም። ከዚያ ቅመሱና እዚህ ትፉት ብሎ ባልዲ አቀረበ።

የሰማሁትን አላመንኩም። ሰው ለፍቶ የጠመቀውን በፊቱ መትፋት በእኛ ሰፈር ያስደበድባል። ሮማን ጣሊያን አገር ያለች ልጇ ጋ ሄዳ ታውቃለችና ብርጭቆውን አዙራ፣ አሽታ፣ አፏ ውስጥ አንከባልላ፣ ባልዲው ላይ እንደ ወፍ ትፍ አደረገችው። ሁሉም ዞሮ አያት። ቤዛም አየቻት። እኔ የተሰጠኝን አልተፋም ብዬ አራቱንም ጠጣሁ። ልጁ ደስ ብሎት አምስተኛ ቀዳልኝ። ጠጅ አይደለም፣ ማር የለበትም፣ ጉሮሮ ይይዛል። አምስተኛው ላይ ግን ለመድኩት።

እራት ሐይቁ ዳር ነው። ሮማን ዓሣ አዘዘች። ረቡዕ ነው አልኳት። ዓሣ ሥጋ አይደለም፣ ብዙ አባቶች ይበላል ይላሉ አለች። የእኛ አባቶች አይሉም አልኳት። ቤዛ መሐል ገብታ የሐይቁን ስም ማብራራት ጀመረች። እኔ ሽሮ አዘዝኩ። አብሳይዋ፣ ሽሮዬ የዓሣ ዘይት በነካው መጥበሻ እንደማይሠራ ልትነግረኝ ከወጥ ቤት ድረስ መጣች። ሳልጠይቃት ነው። ከቤቷ ያመጣችውን የራሷን ድስት አሳየችኝ። ስሟን ሳልጠይቅ መምጣቴ ይቆጨኛል።

ማደሪያው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ለእኔና ለሮማን አንድ ክፍል ተይዟል፣ ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ ነው ያለው። እንግዳ ተቀባዩ ቤተሰብ ናቸው ስለተባልኩ ነው አለ። ሌላ ክፍል የለም። ትራሱን አንሥቼ አልጋው መሐል ላይ በቁመቱ አጋደምኩትና፣ ይሄ የእርስዎ ይሄ የእኔ አልኳት። “እርስዎ እንዳሉ” አለች። በእርስዎ ነው የምንነጋገረው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ።

ሐሙስ

ጠዋት ስነቃ ትራሱ መሬት ወድቋል። ማን እንደጣለው አልተነጋገርንም።

ይሄ ቀን የመንገድ ቀን ነው። ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ። አገሩ እየሞቀ ሄደ፤ የእንጦጦ ብርድ የለመደ ገላዬ ቀለጠ። ከመተሐራ እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ መለዋወጫውን ሲያወርድ እሱም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጎማውን በባጃጅ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኛ ግራር ሥር ቀረን።

መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ያሏት ወንበሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱንም ይዛ መጥታ ለሁለታችን፣ ለሮማንና ለእኔ ሰጠችን፤ ራሷ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ለማታውቀው ሰው ወንበሯን የምትሰጥ ሴት አየሁ። እኔ ደግሞ ስለ አንድ ወንበር ስቃጠል አገር አቋርጬ መምጣቴ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ኀፍረቱ ግን አልቆየልኝም። ቤዛ ጃንጥላ ይዛ መጣች። ሮማን ደም ግፊት ስላለባት ጃንጥላውን ከላይዋ ዘረጋችና ጎንበስ ብላ፣ “መድኃኒትሽን ዋጥሽ?” አለቻት።

ዋጡ አላለቻትም። ዋጥሽ ነው ያለቻት። ልጅቷ በዚህ ዓለም በአንቺ የምትጠራት አሮጊት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። መቼ ተጀመረ? የት? እኔ ሳላውቅ ስንት ቀን ቦሌ ሄዳ ቁርስ በልታለች? ሻዩ አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ። በእኔ ራስ ላይ ግማሽ ፀሐይ፣ ግማሽ የግራር ጥላ ነበር። ቤዛ ዞር ብላ “እማዬ፣ አንቺን ፀሐይ አይበግርሽም” አለችኝ። ምስጋና መሆኑ ነው።

ሁለት ሰዓት ቆይተን ሹፌሩ መጣ። ጭሮ ስንደርስ መሽቶ ነበር። እዚያ አልጋው ሁለት ነው፣ እግዜር ይመስገን።

ዓርብ

የእኔ ተራ። ከማንም ቀድሜ ከፊት ተቀመጥኩ።

የጨርጨር ተራራ ከቁስቋም ዳገት አሥር እጥፍ ነው። ግን አንድ ስንዝር ባዶ አልተተወም፤ በድንጋይ ካብ ደረጃ ደረጃ ተሠርቶ ታርሷል። በቀኝም በግራም ገደል ነው። ቤዛ ማይክራፎኗን ይዛ ስለ አካባቢው ትናገራለች። ድምፅዋ ያምራል፤ እኔ ነኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንበት ትምህርት ቤት እየወሰድኩ መዝሙር ያስጠናኋት። ማይክራፎኑን ስታጠፋ ጠብቄ ጠየቅኋት። ጥር ላይ የእናትሽ ወንበር ላይ ማን ነው የሚቀመጠው አልኳት።

ማይክራፎኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“ሁለታችሁን ለምን ያመጣኋችሁ ይመስልሻል?”

“አንዷን ልትመርጪ።”

“እንድትነጋገሩ ነው እማዬ። እኔ የአንዳችሁን ጉልበት ስሜ ቀና ስል የሌላዋን ፊት ማየት አልችልም።”

የሌላዋ ፊት ምን አገባሽ፣ ማን ነው ያሳደገሽ አልኳት። አንቺ አለች። እንግዲያው አልኳት። ማይክራፎኑን አብርታ ለሕዝቡ ስለ ቡና ተክል ማውራት ጀመረች።

ቁልቢ ገብርኤል ወርደን ተሳለምን። የተሳልኩት ስለት አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ግን አንድ ተሳልኩ። ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጋሽ መላኩ ግቢው ውስጥ ሰብስበውን ስለ ድሮ ሥዕል አስረዱን። የጥንት ሠዓሊዎች ጻድቁን ከፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል። ክፉውን፣ ይሁዳን፣ የሰይጣንን ወገን ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሥሉታል። ሰባ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ ይሄን የነገረኝ አልነበረም። መኪና ስንገባ ሮማንን በጎን አየኋት። አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን መናገር ነው።

ቅዳሜ

ሐረር። ከየት ልጀምርላችሁ?

ግንብ የዞራት ከተማ ናት፤ በበር ነው የሚገባው። ውስጡ መንገድ አይደለም፣ ስንጥቅ ነው። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ይታከካል። ይሄማ የእኛው ቀጨኔ ነው አልኩ። ዳገቱም፣ ጥበቱም፣ በር ላይ የተቀመጡት ሴቶችም። ልዩነቱ ግን አንገበገበኝ። የእነሱ ስንጥቅ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ተቀብቷል። ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ ፎቶ ያነሣዋል። የእኛውን መንገድ ሊያይ የሚመጣው ለማፍረስ የሚለካ ብቻ ነው።

ቤዛ የመራችን ወደ አንዲት ሐጂያ ነጂማ ወደሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ቤቱ ከአያት ከቅድመ አያታቸው የመጣ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ወንበር የለም። ወለሉ ራሱ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተሠርቷል፣ ቀይ ተቀብቶ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ነደባ ይሉታል። አምስት መደብ ነው፤ ለእያንዳንዱ መደብ የሚቀመጥበት ሰው የታወቀ ነው። ለአባወራው፣ ለሽማግሌው፣ ለሴቶቹ፣ ለልጆቹ። ማንም ገብቶ እኔ የት ልቀመጥ ብሎ አይጨነቅም። ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። ይሄን ቤት የሠራ ሰው ምን ያህል ጠብ አስቀርቷል አልኩ በልቤ።

ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሰቅሏል። ለጋብቻ የደረሰች ሴት ልጅ እዚህ ቤት አለች ማለት ነው አሉ ሐጂያ። የልጅ ልጃቸው ናት፤ እሷ አፍራ ወጣች።

ግድግዳው ግን፣ እህቶቼ፣ ግድግዳው! ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። ሞሰብ፣ ሰፌድ፣ ክዳን፣ ያቺ የእናቴ፣ ያቺ የአክስቴ እያሉ አሳዩን። የእጅ ሥራቸው ከነባለቤቱ ስም ይታወቃል፣ በክብር ተሰቅሎ ይታያል። ይሄን ጊዜ ለቀጨኔ ቀናሁ። የእኛ ሰፈር ሴት ሸክላ ሠርታ፣ ጥጥ ፈትላ፣ አዲስ አበባ በሙሉ በእሷ ጀበና ጠጥቶ የእሷን ድር ለብሶ፣ ስሟን የሚጠራ የለም። በልጅነቴ ጭራሽ በዓይናችሁ ትበላላችሁ እያሉ ዕቃችንን ገዝተው ፊታቸውን ያዞሩብን ነበር። ስፌት ከሸክላ በምን ይበልጣል? ሐጂያን ጠየቅኋቸው። በምንም አይበልጥም አሉኝ፣ እኛ ግን የራሳችንን የሰቀልነው ራሳችን ነን አሉኝ።

ቤዛ ሌሎቹን ይዛ ቆጡን ልታሳይ ወጣች። እኔና ሮማን ደረጃ አንወድም፣ ታች ቀረን። ሐጂያ ሊያስቀምጡን ነበርና ከሁለታችሁ ታላቋ ማናት፣ ታላቋ ወደ ላይኛው መደብ ትውጣ አሉ።

እኔ ነኝ አልኩ። እኔ ነኝ አለች ሮማን። ለሌላ ሰው ሁልጊዜ ስድሳ አምስት ነኝ የምትል ሴት! እሷ አንበጣ የመጣ ዓመት ነው የተወለድኩት አለች። እኔ አንበጣው ሲመጣ ቆርቆሮ እየመታሁ አባርሬአለሁ አልኩ። ዋሸሁ። ሐጂያ እየሳቁ፣ በዕድሜ ካልሆነ በልጅ እንያዘው አሉ፤ ቤዛ ልታገባ መሆኑን ሰምተዋልና፣ የሙሽራዋን እናት ቦታ የምትይዘው ትቅደም አሉ። በንጹሕ ልብ ነው። የት እንደነኩን አያውቁም።

እኔ ቀደምኩ።

“ያሳደጋት ትታወቃለች። በዓመት በዓል ቀሚስ ይዞ ብቅ የሚል እናት አይባልም።”

ሮማን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፣ ሙሉ ፊቷን። ድምፅዋ አልጨመረም፤ እርስዎው ግን ወደቀ።

“ዘነበች፣ ለምን በበዓል ብቻ እንደመጣሁ አንቺ ታውቂያለሽ። የአስቴር አርባ በወጣ ማግስት መጣሁ። ተኝታለች አልሽኝ። ከጓሮ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ደግሜ መጣሁ፣ ታማለች አልሽኝ። ሠልሼ መጣሁ፣ በሩን አልከፈትሽም። በዓል ሲሆን ግን ቤትሽ ሰው አለ፣ በዓመት በዓል ቤት የመጣን እንግዳ አትመልሺም። ስለዚህ በዓል እጠብቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በዓል ጠበቅሁ።”

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አሁን እኔን ነው ከጎን የምታየኝ፣ በአንድ ዓይን።

እውነት ነው። ለእናንተም ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንዷን ልጄን ቀብሬ፣ ሁለተኛዋ ደረጃ ያለው ቤት፣ ፍሪጅ ያለው ቤት አይታ እንዳትቀርብኝ ፈራሁ። ፍርሃቱ ቅናት ሆነ፣ ቅናቱ ልማድ ሆነ። ለልጅቷም፣ አያትሽ በዓል ካልሆነ አታስታውስሽም አልኳት። ለእናንተም እንዲሁ ነው የነገርኳችሁ፤ አብራችሁኝ አማችኋት።

ሐጂያ ሁለታችንንም አንድ መደብ ላይ፣ ጎን ለጎን አስቀመጡን። ሌሎቹ ሲወርዱ ምግብ ቀረበ፤ የአብሽ መረቅ፣ የዶሮ ወጥ፣ ከቡና ቅጠል በወተት የሚፈላ ቁጢ። እጄን ስሰበስብ ሐጂያ አዩኝ። ዶሮዎቹን ያረዳቸው ክርስቲያን ጎረቤታቸው መሆኑን፣ ድስቱም ከእሱ ቤት የመጣ መሆኑን ነገሩኝ። ከትናንት ጀምረው አስበውበታል። ለማያውቁት እንግዳ እምነት ድስት የሚዋሱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ለልጄ አያት በር ዘግቻለሁ። ዶሮው ጣፋጭ ነበር። ለእኔ ግን አልወርድ አለኝ።

እሑድ

በማለዳ ፈረስ መጋላ ካለው መድኃኔዓለም ቅዳሴ ገባሁ። የእኛው ታቦት ስም ነው፤ ቀጨኔ ያለሁ መሰለኝ። ቅዳሴው ግን ጆሮዬ አልገባም። እድር ስብሰባ ላይ ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሮማን ግን ሳትሰማ ነው የተፈረደባት። ፈራጇ ልጅቷ ናት፣ የሐሰት ምስክሩ ደግሞ እኔ። ይሄን ካልተናገርኩ ወንበሩ ላይ ብቀመጥ እንኳ እንደ ሌባ ነው የምቀመጥ።

ድሬዳዋ ስንደርስ ቡድኑ የጥንቱን የባቡር ጣቢያ ሊያይ ወረደ። ጋሽ መላኩ ስለ ግንባታው ያስረዳሉ፣ ወጣቶቹ ፎቶ ያነሣሉ። ቤዛ ግማሽ ሰዓት አገኘች። ሐዲዱ ዳር ጠርቼ ነገርኳት። ተኝታለች ያልኩትን፣ ታማለች ያልኩትን፣ በሩን ያልከፈትኩትን። ምክንያት አልደረደርኩም።

“ስንት ጊዜ መጣች?” አለችኝ።

“የማውቀው ሦስት።”

ሐዲዱን እያየች፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

“በዓል ሲደርስ ቀን እቆጥር ነበር እማዬ። አንቺ እንዳታዪኝ ጎረቤት ቤት ሄጄ በመስኮት መንገዱን አይ ነበር።”

ይሄን ስሰማ ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። በእኔ ቤት፣ በእኔ እንጀራ እያደገች ሌላ ሰው ትጠብቅ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ነው ሐዘኑ የመጣው።

ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ አላናገረችኝም። ማይክራፎኑን ስትይዝ ግን ድምፅዋ እንደ ወትሮው ደስተኛ ነው፤ ያ ተራራ፣ ይሄ ወንዝ፣ እንግዶቻችን በግራ በኩል እዩ። እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ በግራ በኩል አየሁ። ሌላ የምትለኝ ነገር ስላልነበረ፣ ለሁሉም የምትለውን ለእኔ እንዳለችው አድርጌ ሰማሁ። ሮማን የሆነውን አላወቀችም። ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ተቀበልኩ።

ሰኞ

አዋሽ ቁርስ ላይ ሳለሁ ቤዛ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ዳቦዬን ቆርሳ በላች፤ ልጅ ሆና ስታኮርፍ ለመታረቅ እንደምታደርገው።

“ወንበሩን አንቺ ወስኚ” አለችኝ። “እኔ ለመፍረድ ልቤ አይችልም። የወሰንሽውን ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።”

ምነው እሷ በወሰነች። ለሮማን ብትፈርድ እናደድ ነበር፣ ለእኔ ብትፈርድ እመካ ነበር። አሁን ግን ፍርዱን ለበዳይ ሰጠችው። እስከ አዳማ ድረስ ለራሴ ተሟገትኩ። ትኩሳቷን ያበረድኩት እኔ፣ ጥርሷ ሲነቀል የያዝኳት እኔ፣ የዊንጌት ትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ያጠብኩት እኔ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ከአዳማ ወዲህ ደግሞ ሌላው እውነት መጣ። ቤዛ ሃያ ሁለት ዓመት ጠዋትም ማታም ስማኛለች፤ ታማ ስማኛለች፣ ተቆጥታ ስማኛለች። ያቺ ሴት ሰው በተሰበሰበበት፣ በበዓል ጫጫታ፣ በሰዓት ተለክቶ ነው የተሳመችው። ያንን ሰዓት የለካሁት እኔ ነኝ።

ስታዲየም ስንደርስ የሮማን ሌላው ወንድ ልጅ በመኪና ጠብቋታል። እናድርስዎት አለችኝ፤ ወደ እርስዎው ተመልሳ ነበር። አመሰግናለሁ፣ የቀጨኔ ሚኒባስ አለልኝ አልኳት። በሩን ልትዘጋ ስትል ያዝኩባት።

“ጥር ላይ የእናትየው ወንበር ያንቺ ነው።”

ሮማን እጄን አየችው፣ ከዚያ ፊቴን። “ዘነበች፣ ለምን?”

“አትጠይቂኝ፤ ሐሳቤን እንዳልቀይር።”

ሻንጣ አልነበረኝም። ፌስታሌን ይዤ ተሻገርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ሰሜን ማዘጋጃ እስክንደርስ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር፤ ረዳቱ አሞዎታል ወይ አለኝ። ቀንቼ ነው አይባልም፤ መንገድ ነው አልኩት።

እንግዲህ ሐረርን ጠይቃችሁኝ ይሄን አነበባችሁ። ጥር ላይ ስትመጡ ሮማንን በወንበሩ ላይ ታያላችሁ። ተነሥታችሁ እንዳትጮኹ፣ እንዳታንሾካሹኩ። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ፊቴ ጠቁሮ ብታዩኝ ከቅናት ነው፤ ቅናቱን ተውኩ ብዬ አልዋሽም፣ ወንበሩን ብቻ ነው የተውኩት። ማንም መጥታ እንዳታባብለኝ። እኔ በሩ ጋ እቆማለሁ። ቤዛ ያቺን ጉልበት ስማ ቀና ስትል መጀመሪያ የምታየው ማንን እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁና፣ አደራ፣ ከፊቴ አትቁሙብኝ።